ለትምህርት እቅዴ የተላኩ ሽማግሌዎች

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የምጽፈው የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኝ መሆኑን ልናገር። «ጻፊው፤ ስሜን ግን አታንሺ» ብለውኛል። አላነሳም። የማላነሳበት ምክንያት መጨረሻው ላይ ይገባችኋል። እስከዚያው ግን ነገሩ ሁሉ የእኔ ሞኝነት ነው ብላችሁ አንብቡት፤ አብዛኛውም የእኔ ነው።

ሮም ስኖር አሥራ አንደኛ ዓመቴ ነው። ዘጠኙን ዓመት የኖርኩት ከአንዲት ሴትዮ ጋር ነው። ሲኞራ ኢልዳ ይባላሉ፤ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር ነው፤ ምላሳቸው ግን ደከመኝ አይልም። አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ የፓስታው ውኃ ላይ ጨው አሳነስሽ ብለው ይቆጡኛል። እንዲህ ተስማምተን እንኖራለን።

አምና ሲኞራ ታመው ሆስፒታል ሲተኙ አብሬ ሰነበትኩ። እዚያ ሰማያዊ ዩኒፎርም የለበሱ የሕሙማን ረዳቶች አየሁ። ሥራቸው እኔ ቤት ውስጥ የምሠራው ነው፤ በሽተኛ ያገላብጣሉ፣ ያጥባሉ፣ ያጎርሳሉ። ልዩነታችን እነሱ ደረታቸው ላይ ስማቸው መጻፉ ነው። ሲኞራም አይተውኛል። «አንቺም እንዲህ ለብሰሽ ማየት አለብኝ፤ ቶሎ በዪ እንጂ፣ እኔ ብዙ ጊዜ የለኝም» አሉኝ።

ያንን ዩኒፎርም የሚያስለብስ ኮርስ አለ። ወደ ኮርሱ ለመግባት ግን የስምንተኛ ክፍል ያህል ማስረጃ ይጠየቃል፤ እዚህ ቴርሳ ሜዲያ ይሉታል። እኔ አገር ቤት ዘጠነኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ወረቀቱ ግን ቤት ሲታደስ የት እንደገባ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ስለዚህ በጎልማሶች ትምህርት ቤት ተመዝግቤ ሰኔ ላይ ፈተናውን ማለፍ ነበረብኝ። ያን ጊዜ መስከረም ላይ የረዳትነቱን ኮርስ እጀምራለሁ። ሰኔ ካመለጠኝ ኮርሱ ዳግመኛ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም፤ ሲኞራም ዘጠና እየተጠጉ ነው።

ትምህርት ቤቱ ከቤታችን በሁለት አውቶቡስ ነው። ስሜን መዝግበው ወንበር የሚሰጡኝ መስሎኝ ሄድኩ። የሰጡኝ አሥራ ሁለት ገጽ ወረቀት ነው። ቤት ወስጄ ሦስት ቀን አነበብኩት። የከበደኝን ቃል ሁሉ ደብተር ላይ እየጻፍኩ ከጎኑ እኔ በሚገባኝ መንገድ ፈታሁት። ደብተሩ ዛሬም አለኝ፤ ከዚያው ልገልብጥላችሁ።

«ኦብሊጋቶሪዮ፦ የግድ የሚወሰድ ትምህርት። እንደ አዋጅ ጾም ነው፤ ዘንድሮ ሁዳዴ ይቅርብኝ አይባልም።

ፋኮልታቲቮ፦ ከወደድሽ የምትወስጂው። የፈቃድ ጾም፤ እንደ ጽጌ።

ፕሮፔዴውቲኮ፦ ሌላው ከመጀመሩ በፊት ማለቅ ያለበት። ዳዊት ያልደገመ ቅኔ ቤት አይገባም እንደሚባለው።

ክሬዲቲ፦ ከዚህ በፊት የምታውቂው ተቆጥሮ ከትምህርቱ ሰዓት የሚቀነስልሽ። ከቤት፣ ከሥራ፣ ከማኅበር የተማርሽውም ይቆጠራል። ግን ማን አየኝ?

ፓቶ ፎርማቲቮ፦ ይህ ሁሉ ተጠቃሎ በአንቺና በትምህርት ቤቱ መካከል የሚፈረም ቃል ኪዳን። የመምህራኑ ኮሚቴ፣ ኮሚሲዮኔው፣ ካላጸደቀው ወረቀት ብቻ ነው።»

ቃል ኪዳን ብዬ ስጽፍ ብዕሬ ቆመ። ቃል ኪዳን ውስጥ ሐሰት አይገባም። እንግዲያው እያንዳንዱ መልስ እንደ ንስሐ ተመርምሮ መሞላት አለበት። ጥፋቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሰባተኛው ገጽ ሠንጠረዥ ነው። መስማት፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ሒሳብ። በእያንዳንዱ ፊት «በጭራሽ፣ ጥቂት፣ ደህና፣ በጣም ደህና» የሚል አራት ሣጥን አለ። ምን ያህል እንደምትችይ ራስሽ ምልክት አድርጊ ይላል።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። እንግዳ ምግቧን ሲያመሰግንላት «ኧረ ዛሬስ አልሆነልኝም» የምትል ሴት «በጣም ደህና» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ታደርጋለች? ሣጥኑን ሳየው ራሱ አፈርኩ። «ጥቂት» የሚለው ላይ አደረግሁ። እሱም ኩራት መሰለኝ። ለንስሐ አባቴ ስልክ ደወልኩ። እሳቸው ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ስልክ አያነሱም፤ በጸሎት ላይ ናቸው ብዬ በነዚያ ቀናት አላስቸግራቸውም። ዕለቱ ዓርብ ነበርና አነሱ።

«አባ፣ አንድ ወረቀት ስለ ራሴ ችሎታ ይጠይቀኛል። ምን ብዬ ልሙላ?»

«ዝቅ ማለት ይሻላል ልጄ» አሉ። «እኔም እንዲህ ያለ ወረቀት ገጥሞኝ ዝቅ ብዬ ነው የሞላሁት።»

«እርስዎ ደግሞ የምን ወረቀት ገጠመዎት አባ?»

«ይሁን፣ ይሁን። የሠርክ ጸሎት ሰዓት ደርሷል።» ዘጉት።

«ጥቂት» የሚለውን አጠፋሁና አምስቱንም «በጭራሽ» አልኩ። ልቤ ቀለል አለኝ። ከጀርባው አስተያየት የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ነበር፤ እዚያም በጣልያንኛ ዘጠኝ መስመር ጻፍኩ፦ ጣልያንኛ መጻፍ ስለማልችል ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ፣ ጊዜያቸውን ስለማባክን ማዘኔን፣ በየትኛውም ክፍል ጥግ ላይ ቢያስቀምጡኝ የማልከፋ መሆኔን። ሁለቴ አርሜ በንጹሕ ወረቀት ላይ ገልብጬ ለጠፍኩት።

ትምህርት ቤቱ የጻፍኩትን አመነኝ። እኛ አገር ቢሆን አንድ ሰው «ኧረ ተይ» ይለኝ ነበር። እዚህ ግን «አልችልም» ካልሽ አትችይም። የፊደል ቆጠራ ክፍል ገባሁ።

ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት ሲኞራ ሲያሸልቡ ሄጄ እማራለሁ። መምህርቷ የንብ ሥዕል ትሰቅላለች። «አፔ» ትላለች። «አፔ» እንላለን። ጎረቤቴ እርሳስ መያዝ ገና እየለመደች ነውና እጇን ይዤ አግዛታለሁ። ሥፍራዬ ይህ ከሆነ ይህ ነው ብዬ ተቀበልኩ፤ ያለማጉረምረሜም ትንሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱንም በኋላ ተናዝዣለሁ።

«ዛሬ ምን ተማርሽ?» ይላሉ ሲኞራ ማታ።

«ንብ።»

«ባለፈው ሰኞም ንብ ነበረች።»

«ያን ቀን አንድ ነበረች ሲኞራ፤ ዛሬ ብዙ ንቦች ሆነዋል።»

«ዛሬ ጠዋት የፓርላማውን ክርክር ያነበብሽልኝ አንቺ አይደለሽም?» የሾርባቸውን ማንኪያ ሰጠኋቸው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ የትምህርት ቤቱን ጸሐፊ ፈተናው ሰኔ ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቅኋት። ወረቀቴን አየችና በርኅራኄ ተመለከተችኝ። ይህ ክፍል ለቀጣዩ ፕሮፔዴውቲኮ ነው አለችኝ፤ ቀጣዩም ለሌላኛው፤ ሌላኛው ለፈተናው። የዚህ ሰኔ ሳይሆን የሦስተኛው ዓመት ሰኔ ነው።

ሲኞራ የዛሬ ሦስት ዓመት ስንት ዓመት እንደሚሆናቸው ቆሜ ደመርኩ። ዘጠና አንድ።

«አሎራ» አለች ጸሐፊዋ፤ «እቅድሽ እንዲከለስ ማመልከት ትችያለሽ። ኮሚሲዮኔው ከገና በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰበሰባል፤ ሐሙስ። አሥር ደቂቃ ይሰጥሻል። ችሎታሽን የሚያስረዳ ነገር ይዘሽ ነይ። ሰርተፊኬት፣ ደብዳቤ፣ የሚያውቁሽ ሰዎች ምስክርነት።»

ከዚህ ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው «የሚያውቁሽ ሰዎች» የሚለው ነው። እኔ ስለ ራሴ መናገር ካልቻልኩ የሚናገር ሰው መላክ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ በአገራችን እንዴት እንደሚፈጸም ደግሞ ማንም ያውቃል።

ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ካለው ሻይ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ወርቁ እንደ ሁልጊዜው መስኮቱ አጠገብ ነበሩ። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ሮም ካለን ሐበሾች ግማሾቻችንን ሽማግሌ ሆነው ያጋቡ ሰው ናቸው። አጠገባቸው ጋሽ ሀብቶም ነበሩ፤ የአሥመራ ሰው፣ አማርኛ በትምህርት ቤት የተማሩ ካቶሊክ፣ አርባ ዓመት እዚህ የኖሩ። ጣልያንኛቸው ጣልያኖቹን ራሳቸውን ያርማል። ነገሬን ተናገርኩ።

«ደብዳቤ ብትጽፉልኝ ይበቃ ይመስለኛል ጋሼ» አልኩ።

«ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል» አሉ ጋሽ ወርቁ። «እኔን የት ይከቱኛል?»

«ወርቁ፣ ይሄ ጋብቻ አይደለም፤ ቢሮ ነው» አሉ ጋሽ ሀብቶም።

«ቢሮውስ ውስጥ ያለው ሰው አይደለም? አንተ ታስተረጉማለህ፤ እኔ እናገራለሁ፤ ደምሴን ሦስተኛ እናደርገዋለን። ሽማግሌ ከሦስት አያንስም።»

ሐሙስ ደረሰ። ጠዋት ጋሽ ደምሴ ወገባቸው ተያዘና ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። ከሰዓት እኔን የምትተካው የሲኞራ የእህት ልጅ ደግሞ ቀረች። ሳሎኑ መሃል ቆሜ ኮቴን ስለብስ ሳወልቅ ሲኞራ ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ሽማግሌ ለመሆን ምን ያስፈልጋል?» አሉ።

«ዕድሜና መከበር ሲኞራ።»

«ታዲያ ኮቴን አምጪልኝ። ያንንም ነጭ ሻርፕሽን።»

ነጠላዬን በኮታቸው ላይ አጣፋሁላቸው። መስታወት ጠየቁ። አዩና «ቫ ቤኔ፣ ጥሩ ነው» አሉ።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጋሽ ወርቁ ሸማቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ይጠብቁ ነበር። ሲኞራን አዩ፤ ነጠላውን አዩ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ከደምሴ ትሻላለች» አሉ ዝግ ብለው። በኮሪደሩ ስናልፍ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከወንበሩ ተነሣ። እዚህ አገር ተማሪዎች ሲያምፁ ትምህርት ቤት ይይዛሉ። «ኦኩፓሲዮኔ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ሀብቶም «ገና አልወሰንንም» አሉት።

ኮሚሲዮኔው ሦስት ሰው ነው፦ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ፕሮፌሶሬሳ፣ አንድ ወጣት የሒሳብ መምህር፣ ማኅተም የያዘችው ጸሐፊ። ፕሮፌሶሬሳዋ ወንበር አሳየችን።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም።»

ጋሽ ሀብቶም አስተረጎሙ። ጸሐፊዋ ወንበሮቹ ቆሽሸው መሰላትና በመሐረብ ጠረገቻቸው። አሁንም ቆሙ። ከሌላ ክፍል ትራስ ያለው ወንበር አስመጣች። ቆሙ። ውኃ አመጣች፤ ውኃውን ቆመው ጠጡ። ፕሮፌሶሬሳዋ ሲኞራን አየች። «እኔ አስቀድሜ ተቀምጫለሁ» አሉ ሲኞራ፤ «ሐሳቤ ግን ቆሟል።»

ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። የትምህርት ቤቱን ጤና ጠየቁ። የፕሮፌሶሬሳዋን ወላጆች ጠየቁ፤ በሕይወት መኖራቸውን ሲሰሙ አመሰገኑ። ከአሥሩ ደቂቃ አምስቱ አለቀ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገቡና ከልማድ የተነሣ የሠርግ ሽምግልናውን ንግግር ቀጥ አድርገው ለቀቁት፤ ደጅ ልንጠና መጥተናል፣ እሺ በሉንና እንደ ልጅ እንወለድላችሁ።

ጋሽ ሀብቶም ትንሽ አመነቱ። ታማኝ አስተርጓሚ ናቸው። «ልጅዎ ሆነው ሊወለዱ ይፈልጋሉ» አሏት።

አርባ ዓመት የማይሞላት ፕሮፌሶሬሳ ጋሽ ወርቁን ከከዘራቸው እስከ ሽበታቸው ተመለከተች። «ይህ... ከእቅዱ ክለሳ ጋር የተያያዘ ነው?»

«ይህቺ ልጅ» አሉ ጋሽ ወርቁ ሳይጠብቁ፣ «ጣልያንኛ እዚህ እንደተወለደ ሰው ታውቃለች። ሒሳቧ ደግሞ የሊቅ ነው። የሮም ሐበሻ ፋሲካው መቼ እንደሚውል የሚያውቀው በእሷ ነው።»

«እውነት ነው» አሉ ሲኞራ። «በየጠዋቱ ጋዜጣዬን ከዳር እስከ ዳር ታነብልኛለች። አንድ ቃል አትስትም።»

ይህን ዝም ብዬ መስማት አልቻልኩም። ሦስት ሽማግሌ በእኔ ምክንያት ሐሰት ሊናገር ነው። ሐሰቱም በቃል ኪዳን ውስጥ ሊገባ ነው። ወደ ፊት ወጣሁ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እንዲህ አይደለም» አልኩ። «ጋዜጣውን ከዳር እስከ ዳር አላነበውም። ግድያ ያለበትን እዘለዋለሁ። ክርክሩ ሲረዝም አሳጥሬ ዋናውን ብቻ እነግራቸዋለሁ። የሲኞራ ወዳጅ የሞተች ቀን የሐዘን ማስታወቂያውን ገጽ ዘልዬ ስለ አየር ሁኔታው ብዙ አወራሁላቸው፤ ከሦስት ቀን በኋላ ነው የነገርኳቸው።»

«ዝናብ ነበር ብለሽኝ ነበር» አሉ ሲኞራ በቀዝቃዛ ድምፅ።

«ሒሳቡም የሊቅ አይደለም። ፋሲካችን ከእናንተ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ቤት ሠራተኞች ነን፤ የዕረፍት ቀን አስቀድመን ካላስፈቀድን አናገኝም። ቀኑ ቀድሞ ያስፈልገናል። ስለዚህ ተማርኩት። ማካፈል ብቻ ነው።»

«ምኑን ነው የሚያካፍሉት?» አለ የሒሳቡ መምህር። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ላሳያቸው ሰሌዳው ጋ ሄድኩ። የዓለምን ዘመን ጻፍኩ። ለአሥራ ዘጠኝ አካፈልኩ። ከቀሪው አንድ ቀነስኩ። ያንን በአሥራ አንድ አብዝቼ ሠላሳ ሠላሳውን ገደፍኩ፤ ደግሞ ለብቻ በአሥራ ዘጠኝ አብዝቼ ሠላሳ ሠላሳውን ገደፍኩ። «ሁለቱ ተደምረው ሠላሳ ካልመጡ ተሳስቻለሁ ማለት ነው» አልኩ። ደመርኩ። ሠላሳ መጣ። ከዚያ ዕለቱን ፈልጌ ለየዕለቱ የተመደበውን ጭማሪ፣ ተውሳኩን፣ ደምሬ የሚመጣውን ፋሲካ አወጣሁ፤ ወደ እነሱ አቆጣጠርም መለስኩት። «እንዳያችሁት ሕፃን የሚሠራው ነው» አልኩ።

መምህሩ ስልኩን አውጥቶ ቀኑን አመሳከረ። ለፕሮፌሶሬሳዋ ስልኩን አሳያት።

እኔም ነገሩ እንዳይደበላለቅ ስለ ንግግሬ ልጨምር ብዬ ቀጠልኩ። ግሦችን እንደማምታታ፣ ሲኞራ ሲቆጡ የሮማውያኑን አነጋገር እንደማልከተል፣ ሐምሌ ላይ ባሕር ዳር ወዳለችው ኦስቲያ ስንወርድ ከዓሣ ሻጩ ጋር ተከራክሬ የረታሁት ቋንቋ ስለማውቅ ሳይሆን ዓሣው የቆየ ስለነበረ እንደሆነ ምሳሌ እየሰጠሁ አስረዳሁ። ጋሽ ሀብቶም ማስተርጎም የሚገባቸው ነገር አጥተው እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

ፕሮፌሶሬሳዋ መነጽሯን አውልቃ ወደ እኔ ዞረች። «ሲኞራ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደተናገሩ ያውቃሉ?»

ሰዓቱን አየሁ።

«አሥራ ሰባት ደቂቃ» አለች። «በጣልያንኛ። ጣልያንኛ እንደማይችሉ።»

ከዚያ አሥራ ሁለቱን ገጽ አገላብጣ ሰባተኛው ላይ ደረሰች፤ ገለበጠችው። ዘጠኙን መስመር አነበበች። «ይህን ማን ጻፈልዎት?»

«እኔ ነኝ። ለስሕተቱ ይቅርታ።»

«ታዲያ ለምን ነው አምስቱንም በጭራሽ ያሉት?»

ሰሌዳውን መጥረግ ጀመርኩ። ጋሽ ሀብቶም ሥራ አገኙ። «እኛ ዘንድ» አሉ፣ «ባለሙያ ሴት ወጥ አቅርባ አልሆነልኝም ትላለች። ጣፍጦልኛል ካለች እንግዳው ይጠራጠራል። እናንተ ወጡን ሳትቀምሱ ያለችውን ጻፋችሁ።»

ፕሮፌሶሬሳዋ ወደ ጸሐፊዋ ዞረች። «ጻፊ። ከሥራና ከማኅበር የተገኘው እውቀት ክሬዲቲ ይያዝላት። ከሰኞ ጀምሮ የፈተናው ክፍል ትገባለች። ማስረጃው በምስክሮች ቀርቧል።»

«ምስክሮቹን ምን ብዬ ልጻፋቸው?»

«ሦስት አረጋውያን። ሁለቱ ቆመው።»

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ተፈቅዷል።»

«እንግዲያው ወንበር» አሉ፤ ያ ሁሉ ወንበር እያለ በአቅራቢያቸው ባገኙት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ዘፍ አሉ።

አዲሱን ፓቶ እንድፈርም ሰጡኝ። «መናገር፦ ደህና። ሒሳብ፦ በጣም ደህና» ይላል። ብዕሩ እጄ ላይ ቀረ። ሲኞራ አዩኝ። «ፈርሚ» አሉ። «ዝናብ ነበር ስትዪኝ አላመነታሽም።» ፈረምኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። «አባ፣ ስለ ራሴ በጣም ደህና በሚል ቃል ላይ ፈርሜያለሁ።»

«እውነት ነው?»

«እነሱ ነው ይላሉ።»

«ነው» አሉ። «ሰሌዳው ላይ እየጮኽሽ ስትሠሪው እኔም በልቤ አብሬሽ ሠርቻለሁ፤ አልተሳሳትሽም።»

«የት ሆነው ሰሙኝ አባ?»

የእጃቸውን መስቀል አገላበጡት። «አጠገብ ካለው ክፍል» አሉ። «ማክሰኞና ሐሙስ የእኔ ቀን ነው። ወረቀቱን ስሞላ አምስቱንም በጭራሽ አልኩ። አስተያየት በሚለውም ኃጢአተኛና አላዋቂ ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ሥፍራ ቢሆን አንዱ ይከራከረኝ ነበር።» መስቀሉን መልሰው አገላበጡት። «ይኸው ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ንብ ላይ ነኝ።»

ፊታቸውን ማየት ስለከበደኝ ነጠላዬን ላስተካክል ፈለግሁ፤ ትከሻዬ ላይ ያለው ግን የተውሶ ነው፤ የእኔው ሲኞራ ዘንድ ቀርቷል።

«ልጄ» አሉ አባ፣ «ጋሽ ወርቁ የሚቀጥለው ስብሰባ ቀን ጊዜ ይኖራቸው እንደሆነ ጠይቂልኝ። ያቺን በወንበር የመጡትንም እናት አደራ።»

ጋሽ ወርቁ ሲሰሙ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ለቄስ ሽማግሌ ሆኜ አላውቅም» አሉ፤ «መቆሙን ግን እችላለሁ።» ሲኞራ ደግሞ ነጠላውን እስካሁን አልመለሱልኝም። አሳጥበው፣ አስተኩሰው፣ በተሽከርካሪ ወንበራቸው እጀታ ላይ አጣጥፈው አስቀምጠውታል፤ ጋዜጣውን ሳነብላቸው በየመሃሉ ኮሚሲዮኔው መቼ እንደሚሰበሰብ ይጠይቁኛል።